ፓይተንና ሲ እኩል የደረሱበት ሳምንት

የላፕቶፑ ባትሪ ከሞተ ቆይቷል። የሚሠራው በገመዱ ብቻ ነው። ገመዱም አንገቱ ላይ ስለላላ ትንሽ ወደ ግራ ካዘነበለ ማሽኑ ድርግም ብሎ ይጠፋል። ልጄ ከገመዱ ሥር አንድ አሮጌ ፎጣ አጣጥፋ አስገባችበት፤ ፎጣው ካልተነካ ገመዱ አያዘነብልም፣ ገመዱ ካላዘነበለ ማሽኑ አይጠፋም። እኔ ሁለት ቀን ሙሉ ያንን ፎጣ ስጠብቅ ዋልኩ። በሁለተኛው ቀን፣ ከእኛ አጥር ሦስተኛው ግቢ ውስጥ ድንኳን ተጥሎ ነበር።

ስለ ኮምፒውተር የሚያስጽፍ ትምህርት የለኝም። የተማርኩት ገጠር፣ ሀቢቾ አጠገብ፣ እስከ አራተኛ ክፍል ነው። ከዚያ ታናናሾቼን እንድይዝ ቤት ቀረሁ። ማንበብና መጻፍን ግን መጽሐፍ ቅዱሴና የመዝሙር ደብተሬ አላስረሱኝም። ሆሳዕና የመጣሁት አግብቼ ነው። ባለቤቴ የሚሠራው ሾኔ ስለሆነ ቅዳሜ ይመጣል፣ ሰኞ ሳይነጋጋ ይሄዳል። ቤቱን፣ ከጓሮ ያለውን እንሰትና አንዲት ልጃችንን የምጠብቀው እኔ ነኝ። ስወጣ በሩን ቆልፌ ጥቂት እሄድና ተመልሼ እጎትተዋለሁ። ልጄ ለጉዳይ አዲስ አበባ ስትሄድ ወራቤ ስትደርሺ ደውዪ፣ ቡታጅራ ስትደርሺ ደውዪ፣ መናኸሪያ ስትወርጂ ደውዪ እላታለሁ። አንድ ጊዜ፣ መንገዱን በሙሉ ስልክ ሳወራ ሳላየው ደረስኩ ብላኛለች። በቀልድ ነው ያለችው። እኔ ግን በሚቀጥለው ጉዞዋም አስደወልኳት።

ልጄ በዩኒቨርሲቲ የመጨረሻ ዓመቷ ላይ ነበረች። የምታጠናው ኮምፒውተር ነው። ለመመረቅ አንድ ሥራ ሠርታ ማቅረብ ነበረባት። ያለዚያ ጓደኞቿ ጋውን ሲለብሱ እሷ ዳር ቆማ ታያለች። የመረጠችው ሥራ ሁለት የፕሮግራም ቋንቋዎችን በፍጥነት ማወዳደር ነበር። አንዱ ፓይተን ይባላል፣ ሌላው ሲ ይባላል። ለሁለቱም አንድ ዓይነት ሥራ ይሰጥና ማን ቀድሞ እንደሚጨርስ ይለካል። የሚሰጣቸውም ቁጥር መደርደር ነው፤ ከአንድ እስከ ስልሳ ካሉት ቁጥሮች ስድስት ስድስቱን እየመረጡ፣ አንዱም ቡድን ሳይቀር፣ አንዱም ሳይደገም ማውጣት።

ቤት ውስጥ የምናወራው ሀዲይኛ ነው። ስለዚህ ማሽን ስናወራ ግን ሁለታችንም ሳናስበው ወደ አማርኛ እንሻገር ነበር። ይህ ቁጥር መደርደር ምን እንደሚጠቅም ስጠይቃት ከእኛ ከሴቶች እድር ጀመረችልኝ።

"ስንት ናችሁ?"

"ስልሳ።"

"ለለቅሶ ቤት ወጥ እንዲሠሩ ስንት ትመርጣላችሁ?"

"ስድስት።"

"በስንት ዓይነት መንገድ መምረጥ ትችላላችሁ?"

አሥር አልኳት። ተራ ስናወጣ ስድስት ስድስት ሆነን አሥር ቡድን ነንና። ሳቀች። አንዷን አውጥታችሁ ሌላዋን ብታስገቡ እኮ ሌላ ቡድን ነው፣ እንዲያ እየቀያየራችሁ ብትቆጥሩት ከሃምሳ ሚሊዮን በላይ ነው አለችኝ።

"ለካ ጠባችን የማያልቀው ወደን አይደለም" አልኳት።

የዩኒቨርሲቲው ማሽኖች በተራ ናቸው፣ ሥራ ሳያልቅም ይዘጋሉ። ስለዚህ ከቤት ላፕቶፕ ሌላ ምርጫ አልነበራትም። በዚያው ሳምንት ረቡዕና ሐሙስ ደግሞ የመጨረሻ ፈተናዋ ነበር። ሥራውን የምታስረክበው ዓርብ ጠዋት ነው። ማታ መብራት ስለማይታመን፣ ረቡዕ ፓይተንን፣ ሐሙስ ሲን በጠዋት አስነስታ ወደ ፈተናዋ ልትሄድ፣ እኔ ልጠብቅ ተስማማን።

ረቡዕ ጠዋት ፓይተንን አስነሳችው። ስክሪኑ ጥቁር ሆነ። ጥግ ላይ አንዲት ነጭ ሰረዝ ብልጭ ድርግም ትላለች፣ ሌላ ምንም የለም። ጎንበስ ብዬ አየሁት። ፎጣውን አየሁ፣ ገመዱን አየሁ፣ ተመልሼ ስክሪኑን አየሁ።

"እየሠራ ነው?"

"እየሠራ ነው።"

"በምን አውቃለሁ?"

"ሲጨርስ የፈጀውን ጊዜ ራሱ ይጽፋል፣ እማዬ።"

"መሐል ላይ ቢሞትስ? ቀን ሙሉ ሬሳ ስጠብቅ ልዋል?"

ልጄ ሰዓቷን አየች። ባጃጅ ውጭ እየጠበቃት ነበር። ሥራውን አስቆመችው፣ ጎንበስ ብላ አንድ ነገር ጻፈችበት፣ ያንኑ ደግሞ በሲው ላይ ጨመረችና እንደገና አስነሳችው። አሁን እያንዳንዱ ስድስት ቁጥር በተገኘ ቁጥር ስክሪኑ ላይ ይጻፋል። ነጭ ቁጥር ከታች ወደ ላይ ይጎርፍ ጀመር።

"ይኸው። አንድ መስመር ናት፣ አትጎዳም። አሁን በሕይወት መኖሩን ታያለሽ" ብላኝ ሮጠች።

ደብተር አወጣሁና "ረቡዕ፣ መነሻ 2:30" ብዬ ጻፍኩ።

ቁጥሮቹ ይሮጡ ስለነበር ዓይኔ የሚይዘው ከፊት ያለችውን ብቻ ነው። አንድ ከፊት ቆማለች፣ ከኋላዋ ያሉት አምስቱ ይለዋወጣሉ። አንድ የማትነቃነቅ መሰለችኝ። ሦስት ሰዓት ከአሥራ ሁለት ላይ ጠፋችና ሁለት በቦታዋ መጣች። ጻፍኩት። ከአራት ሰዓት አሥር ጉዳይ ላይ ሁለትም ሄዳ ሦስት መጣች። ጻፍኩት። ሰባት ከፊት ስትመጣ ስድስት ሰዓት ሆኖ ነበር። በዚህ አካሄድ፣ ከኋላዋ አምስት ብቻ የሚቀራት የመጨረሻዋ ሃምሳ አምስት ከፊት እስክትመጣ ሳምንት ይፈጃል ብዬ ፈራሁ። ግን ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ከኋላው የሚቀረው እያነሰ ይሄዳል መሰል፣ ከሠላሳ በኋላ ያሉት በአምስት ደቂቃ ውስጥ ተግተልትለው አለቁ።

በዚያ ቀን ስቶቭ አላበራሁም፣ መብራቱን እንዳይጥለው። የበላሁት ቀዝቃዛ ቆጮ ነው። ንፋስ በሩን ገፍቶ ፎጣውን እንዳያንቀሳቅሰው በሩን ከውስጥ ቀረቀርኩ። ዶሮዎቹን ዘጋሁባቸው። የጎመን ሻጯ ስትጣራ በመስኮት ዛሬ አልፈልግም አልኳት። ሽንት ቤት ለመሄድ እንኳ አንዲት ቁጥር ከፊት እስክትጠፋ ጠብቄ፣ አዲሷን በደብተር ጽፌ ነው የወጣሁት። ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ትንሽ እንዳለፈ ጎርፉ ቆመ፣ የፈጀው ጊዜ ተጻፈ፤ ሰባት ሰዓት ከጥቂት ሰከንድ። ቀን ሙሉ መብራት አልሄደም ነበር። ጌታን አመሰገንኩ።

ሐሙስ ሊነጋጋ ሲል የእድር ጡሩምባ ተነፋ። ሟቿ ሁላችንም እማማ የምንላቸው አዛውንት ጎረቤታችን ነበሩ።

ከገጠር አግብቼ ስመጣ የከተማ ኑሮ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ውሃ ከየት እንደሚቀዳ፣ ማን ጋር እንደሚሟገቱ፣ ማንን ዝም እንደሚሉ። ልጄን ሳምጥ በዝናብ እጄን ይዘው ጤና ጣቢያ ያደረሱኝ፣ ከአዋላጇ ቀጥሎ ልጄን መጀመሪያ የታቀፉት እሳቸው ናቸው። ቀብሩ ስምንት ሰዓት ላይ ነው ተባለ።

ልጄ አለቀሰች። ፈተናውን ልተወው አለች፣ ግን እንደማይሆን ሁለታችንም እናውቃለን። ሲውንም ለነገ ማሳደር አይቻልም፣ ነገ ጠዋት ታስረክባለች። ነገ ደግሞ መብራት ይኑር አይኑር ማን ያውቃል። ዓይኗን ጠርጋ ማሽኑ ፊት ቁጭ አለች።

"ሲ ፈጣን ነው፣ ይህን የማይል ሰው የለም" አለችኝ። "ቁርስሽን ሳትጨርሺ ይጨርሳል። ከዚያ ትሄጃለሽ።"

ልክ እንደ ትናንቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ አስነስታው ሄደች። ጥቁር ቀሚሴን ለበስኩ፣ ነጠላዬን ትከሻዬ ላይ ጣልኩ፣ ጫማዬን አደረግሁና ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ቁርስ አልበላሁም። አንድ ከፊት ቆማ ነበር።

ሦስት ሰዓት ሆነ። አንድ አልተነቃነቀችም።

ሦስት ሰዓት ከአሥራ ሁለት ላይ ጠፋችና ሁለት መጣች። የትናንቱን ገጽ ገለጥኩ። ረቡዕም የጠፋችው ሦስት ሰዓት ከአሥራ ሁለት ላይ ነበር። የግድግዳውን ሰዓት አየሁ፣ የስልኬን አየሁ። ይህ ፈጣን የተባለው ከዚያ ከዘገምተኛው አንዲት እርምጃ አልቀደመም። ከአራት ሰዓት አሥር ጉዳይ ላይ ሦስት ስትመጣ ልክ እንደ ትናንቱ ዘጠኝ ተኩል ድረስ እንደሚያቆየኝ ገባኝ።

የልጄ ስልክ ለፈተናው ጠፍቷል። ባይጠፋም አልደውልም ነበር። ምን ብዬ? አራተኛ ክፍል የደረሰች ሴት፣ ሰው ሁሉ ፈጣን የሚለውን ነገር ፈጣን አይደለም ልትል? እኔ ያልገባኝ ነገር ይኖራል ብዬ ዝም አልኩ።

አምስት ሰዓት ሲሆን የጎን ጎረቤቴ በሩን አንኳኳች። ከእኔ ጋር የእድር አባል ናት፣ አፏ ፈጣን ነው። ቀስ ብዬ ከፈትኩላት። አለባበሴን አየች፣ ወንበሬን አየች፣ ስክሪኑ ላይ ጎንበስ አለች።

"ሎተሪ ነው?"

"የልጄ ትምህርት ነው። እስኪጨርስ እየጠበቅሁት ነው።"

"እሱ ይቁጠር፣ አንቺ ነይ። ሴቱ በሙሉ እዚያ ነው። ቁጥር ጠባቂ ይፈልጋል?"

ስለ ገመዱና ስለ ፎጣው አስረዳኋት። የእኔን ልጅ ልላክልሽ፣ ትቀመጥልሻለች አለችኝ። ልጇ አሥራ አራት ዓመቷ ነው፣ ጠንቃቃ ናት፣ ሕፃን እንኳ አምነው ይሰጧታል። እኔ ግን ልጅቷ እግሯን ስትዘረጋ፣ ገመዱ ሲያዘነብል፣ ስክሪኑ ድርግም ሲል ታየኝ። ይቅር፣ አሁን ይጨርሳል ብዬ ዋሸሁ።

"ገመዱ ማሽኑን ሳይሆን አንቺን ነው ያሰረው" አለችና ነጠላዋን አስተካክላ ወጣች።

ከድንኳኑ የመዘምራኑ ድምፅ ይመጣ ነበር። የሚዘምሩትን አውቀዋለሁ፣ እማማ በየእሑዱ ከፊት ወንበር ሆነው ይወዱት የነበረ መዝሙር ነው። ከንፈሬን እያንቀሳቀስኩ አብሬ ዘመርኩ፣ ዓይኔ ፎጣው ላይ ነው። አንድ ጊዜ ብድግ ብዬ በሩ ድረስ ሄድኩና ተመለስኩ። ገመዱን ነቅዬ ልሂድ? ነቅዬ ብሄድ ልጄ ነገ ባዶ እጇን ትሄዳለች። ትቼው ብሄድ፣ ሰው ገብቶ ቢነካውስ? ቆልፌ ብሄድ፣ ድመት በመስኮት ብትገባስ? እነዚህን ሦስቱን እያዞርኩ ተቀመጥኩ።

ስምንት ሰዓት ላይ አስከሬኑ ወጣ። መንገዱ የሚያልፈው በእኛ በር ላይ ነው። የእግር ድምፅ ሰማሁ፣ ብዙ እግር፣ የሚጎተት እግር። በሩን ትንሽ ከፍቼ አንድ እግሬን ውጭ፣ አንዱን ውስጥ አድርጌ ቆምኩ። ሳጥኑ በአጥሩ ላይ ብቅ ብሎ ሲያልፍ አየሁ። የሟቿ ልጅ ሁለት ሴቶች ደግፈዋት ትሄዳለች። ዞራ ታየኛለች ብዬ ፈራሁ፤ አላየችኝም። አልፈው ሲሄዱ ወደ ውስጥ ተመለስኩ። ከፊት ያለችው ቁጥር አሥራ አራት ነበረች። ያንን ቁጥር እስከ ዛሬ አልወደውም።

ዘጠኝ ተኩል እንዳለፈ ጨረሰ። ፊቴን ታጠብኩ፣ በሩን ቆለፍኩ፣ ከመንገድ ተመልሼ ጎተትኩት፣ ሄድኩ። ሰው ከቀብር ተመልሶ እጁን እየታጠበ ነበር። የእድሩ ጸሐፊ ስም ስትጠራ የእኔ ከቀሪዎቹ ጋር ተነበበ። ስልሳ ሴት በተሰበሰበበት ማንም ምንም አላለኝም። የሟቿ ልጅ አቀፈችኝ፣ የት ነበርሽ ብላ እንኳ አልጠየቀችኝም። ብትጠይቀኝ ይሻል ነበር።

ሐሙስ ማታ ልጄ ደክሟት ሁለቱን ውጤቶች ሳታስተያይ ወረቀቷ ላይ ገለበጠች። ዓርብ ሥራዋን ይዛ ሄደችና ሰዓት ሳትቆይ ተመለሰች። ጫማዋን ሳታወልቅ አልጋው ላይ ተቀመጠች። አማካሪ መምህሯ ሁለቱን ውጤቶች አይተው፣ ልዩነታቸው ጥቂት ሰከንድ መሆኑን ሲያዩ ወረቀቱን መለሱላት። ሦስት መስመር ኮድ የጻፈ ሰው ሲ ከፓይተን እኩል እንደማይሄድ ያውቃል አሏት። ወይ አንዱን ሁለት ጊዜ አስሮጠሻል፣ ወይ ቁጥሩን ከራስሽ ጽፈሻል። እስከ ሰኞ ካላስተካከልሽ ከሚቀጥለው ዓመት ልጆች ጋር ነሽ አሏት።

አላለቀሰችም። ቅዳሜ ፓይተንን፣ እሑድ ሲን እንደገና አስነሳለሁ፣ ይህን ጊዜ አጠገብሽ ሆኜ አየዋለሁ አለችኝ። ሁለት ተጨማሪ ቀን ፎጣ መጠበቅ ማለት ነው። እሺ አልኳት። ሌላ ምን እላለሁ?

ቅዳሜ ጠዋት ባለቤቴ ገና ከሾኔ አልደረሰም ነበር። ልጄ ማሽኑን ልታስነሳ ስትል እጇን ያዝኩት። ሌሊቱን ሁሉ ሳስባት ያደርኳትን ነገር አወጣኋት።

"እኔ ሐሙስ ሦስት ሰዓት ከአሥራ ሁለት ላይ አውቄ ነበር።"

"ምኑን?"

ደብተሩን ሰጠኋት። ሁለቱን ገጾች ጎን ለጎን አድርጋ አነበበች። አንድ የሄደችበት፣ ሦስት የመጣችበት፣ ሰባት የመጣችበት። ጣቷን ከረቡዕ ወደ ሐሙስ፣ ከሐሙስ ወደ ረቡዕ ወሰደች።

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"ማን ነኝ ብዬ?"

ቀና ብላ አየችኝ። ተመልሳ ደብተሩ ላይ አፈጠጠች። መጨረሻ ላይ ብቻ አይደለም እኩል የሆኑት፣ መንገዱን በሙሉ እግር በእግር ነው የሄዱት አለች። ለእኔ ሳይሆን ለራሷ ነው የምታወራው። ፈጣኑና ዘገምተኛው እንዲህ እኩል የሚሄዱት መንገድ ላይ ሁለቱንም የሚያስቆማቸው ነገር ሲኖር ነው።

ይህ ለእኔ አዲስ አልነበረም። አማቴ በሕይወት ሳሉ ሆመቾ ገበያ አብረን እንሄድ ነበር። እኔ ፈጣን ነኝ፣ እሳቸው ጉልበታቸው ያማቸዋል። ግን በየደጁ ሰው አለ። ልጆቹ ደኅና ናቸው፣ ከብቶቹ ደኅና ናቸው፣ ዝናቡ እንዴት ነው እየተባለ እንቆማለን። ሰላምታ ካስቆመሽ ጉልበት ምን ያደርጋል? እኩል እንደርስ ነበር። ይህን ነገርኳት።

ልትስቅ ስትል ዓይኗ ስክሪኑ ላይ ሄደ። ፊቷ ተለወጠ። አንድ ነገር ከእኔ ስትደብቅ እንደምታደርገው ጀርባዋን ሰጠችኝ።

"ምንድን ነው?"

"ትንሽ ስህተት ናት" አለች ሳታየኝ። "የኔ ናት። አስተካክላታለሁ።"

መስመሯን ስትሰርዝ አየኋት። አንዲት መስመር ናት፣ ከፓይተኑም ከሲውም አጠፋቻት። ያን ጊዜ ገባኝ። እያንዳንዱ ስድስት ቁጥር ከመሄዱ በፊት ቆሞ ስክሪኑ ላይ ለእኔ ይታይ ነበር። ሃምሳ ሚሊዮን ጊዜ ቆሞ፣ አለሁ፣ በሕይወት አለሁ ሲለኝ ነበር የዋለው። ቁጥሩን ማግኘቱ ጊዜ አይፈጅበትም፤ ጊዜውን የበላው ለእኔ መታየቱ ነው።

አስነሳችው። ስክሪኑ ጥቁር ሆነ፣ ነጯ ሰረዝ ጥግ ላይ ብልጭ ድርግም አለች። እጆቼን ከጭኔ ሥር አድርጌ ተቀመጥኩባቸው። እየሠራ ነው ወይ ብዬ አልጠየቅሁም። ወደ ግድግዳው ሰዓት አየሁ፣ ወደ ፎጣው አየሁ። ሦስት ደቂቃ ሳይሞላ ፓይተን ጨረሰ። ከዚያ ሲን አስነሳች። ጣቷን ሳታነሳ ውጤቱ ተጽፎ ነበር። አንድ ሰከንድ እንኳ አልፈጀበትም።

እሷ የምታስበውን እኔም አስብ ነበር። ረቡዕ ጠዋት፣ እኔ በምን አውቃለሁ ስላት፣ ማሽኑ ከተነሳ ደቂቃ አልፎት ነበር። ሁለት ደቂቃ ብታገስ ባጃጁ ሳይሄድ ይጨርስ ነበር። ሲ ደግሞ ጫማዋን ስታስር ይጨርስ ነበር። ሐሙስ ጠዋት እኔ ከመጀመሪያዎቹ ጋር ለቅሶ ቤት እደርስ ነበር።

"እማዬ" አለች።

እንዳለ ጻፊው፣ ምንም አትደብቂ አልኳት። ጻፈችው። በመጀመሪያ ስክሪኑ ላይ እያሳዩ የፈጁትን፣ ቀጥሎ ሳያሳዩ የፈጁትን፣ ሁለቱንም በሰንጠረዥ አድርጋ፣ መጀመሪያ የተለካው የቋንቋዎቹ ፍጥነት ሳይሆን የስክሪኑ እንደነበር ጻፈች። መስመሯ ለምን እንደተጨመረች ግን አልጻፈችም። እኔም አላሳሰብኳትም።

ሰኞ ድንኳኑ የሚነሳበት ቀን ነበር፣ ከገጠር የሚመጣ ዘመድ ስለነበረ ቆይቷል። በእኛ እድር ቀብር የቀረች ሴት ድንኳን በሚነሳበት ቀን ከስድስቱ ወጥ ሠሪዎች አንዷ ሆና ታገለግላለች። ሳልጠራ ሄጄ ሽንኩርት ፊት ተቀመጥኩ። ልጄ በዚያው ሰዓት መምህሯ ፊት ነበረች። ጠዋት ስትወጣ እንደጨረስሽ ደውዪ አላልኳትም። ከአፌ እንዳይወጣ ከንፈሬን ነክሼ ነው የሸኘኋት።

ስልኬን ከጡቴ ሥር አድርጌው ነበር። ሦስት ሰዓት ሆነ፣ አራት ሆነ። አልነዘረም። እጄን በቀሚሴ ጠርጌ አንድ ጊዜ አወጣሁት። ጥቁር ነው።

"ዛሬም ቁጥር ትጠብቂያለሽ?" አለችኝ አፈ ፈጣኗ ጎረቤቴ። ሴቶቹ ሳቁ።

መልሼ አስገባሁት። ዝም ማለት እችል ነበር፣ ግን የሟቿ ልጅ በእንስራ ውሃ ይዛ አጠገባችን ቆማ ነበር። ቀና ብዬ ሐሙስ ለምን እንደቀረሁ ነገርኳት። ማሽኑን፣ ፎጣውን፣ በእኔ ልመና የተጨመረችውን መስመር። ሦስት ደቂቃ መታገስ አቅቶኝ ነው አልኳት።

እንስራውን አስቀመጠች። የተቆጣች አልመሰለችኝም።

"ረቡዕ ማታ እማዬ ስላንቺ ጠይቃ ነበር" አለችኝ። "በሯ ቀን ሙሉ ዝግ ነው፣ ታማ ይሆን እንዴ፣ ነገ ሄደሽ እያት አለችኝ።"

ሽንኩርት ፊት መሆኔ በጀኝ፤ ማንም ምን ሆንሽ አላለኝም። እሷ እንስራውን አንስታ ወደ ድስቱ ሄደች። እኔ ቢላውን ይዤ ቀረሁ። ረቡዕን አሰብኩ። ሦስተኛው አጥር ውስጥ ሰው በሕይወት ነበረ፣ የእኔን በር ያይ ነበር። እኔ ግን በሩን ቀርቅሬ አንድ የምትባል ቁጥር እስክትሄድ እጠብቅ ነበር።

ስድስት ሰዓት ሊሆን ሲል ልጄ በድንኳኑ በኩል ገባች። ስልክ አልደወለችም፣ በእግሯ መጣች። ነጠላ ተከናንባለች። መጀመሪያ የሟቿን ልጅ አቅፋ አለቀሰች፣ ከዚያ እኛ ወዳለንበት መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች።

"ስድስት ነን፣ ሞልቷል" አለቻት ጎረቤቴ።

"አንዷን አውጥታችሁ እኔን አስገቡኝ። ሌላ ቡድን ይሆናል" አለች ልጄ።

ሴቶቹ አልገባቸውም። እኔ ቀስ ብዬ፣ ሌላ ሰው እንዳይሰማ፣ ተቀበሉሽ አልኳት።

"ተቀበሉኝ" አለችና ቢላውን ከእጄ ወሰደች።

ቢላውን ለቀቅኩላት። ከቦታዬ ግን አልተነሳሁም፣ ሽንኩርቱን እየላጥኩ ማቀበል ጀመርኩ።